ምዕራፍ ሰባት፦ ከአይጡ በፊት ቁንጫው

ሕዳር ሲገባ በደረስጌ፣ በደባርቅና በዳባት ደጋዎች የገብሱ አጨዳ ይጧጧፋል። ማሳው ሲራቆት የሜዳ አይጥ ምግቡንም መሸሸጊያውንም ባንድ ጊዜ ያጣል። እህሉ ከማሳ ወደ ክምር፣ ከክምር ወደ አውድማ፣ ከአውድማ ወደ ጎታና ጎተራ ሲጓዝ አይጡም ይከተላል። ከሜዳ አይጦች አንዳንዶቹ ክምሩ ሥር ይቀራሉ፤ አንዳንዶቹ እስከ ቤት ይዘልቃሉ። እዚያ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ከጣሪያውና ከግድግዳው የማይለየው የቤት አይጥ አለ።

ገበሬው የሚቆጨው ስለ እህሉ ነው፤ ቢቆጭም አይፈረድበትም። ፕሮፌሰር አፈወርቅ በቀለና ባልደረቦቻቸው በዝዋይ አካባቢ የበቆሎ ማሳዎች ላይ ባካሄዱት ጥናት አይጥ ያጠፋው ከሰብሉ ሩብ ያህሉን ነበር። እህል ሲበላ ይታያል፤ ስልቻ ሲቀደድ ይታያል። የሜዳው አይጥና የቤቱ አይጥ ሲገናኙ የሚለዋወጡት ቁንጫ ግን አይታይም። ይህ ምዕራፍ ስለዚያ ቁንጫና ስለሚያመጣው በሽታ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አይጥ ለማጥፋት ስንነሣ ስለምናፋልሰው ቅደም ተከተል ነው።

ደረስጌን አብዛኛው አንባቢ የሚያውቃት በታሪክ ነው። ደጃዝማች ውቤ ለራሳቸው ንግሥ ባሠሯት በደረስጌ ማርያም፣ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት እሳቸውን ድል ያደረጉት ካሳ ኃይሉ፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ናቸው። ከዚያ ሃያ ዓመት ግድም ቀደም ብሎ ኤድዋርድ ሩፔል የተባለ የፍራንክፈርት የተፈጥሮ ተመራማሪ በስሜን አልፎ ነበር። ዋልያንና ቀይ ቀበሮን ለዓለም ሳይንስ ያስተዋወቀው እሱ ነው። በ1842 እ.ኤ.አ. ደግሞ ማንም ዞር ብሎ የማያየውን የስሜንን የሣር አይጥ መዝግቦ ገለጸው፤ ሳይንሳዊ ስሙ አርቪካንቲስ አቢሲኒከስ ነው። ይህ አይጥ እንደ ቤት አይጥ ጨለማ አይጠብቅም፤ በጠራራ ፀሐይ፣ በሣሩ መካከል ራሱ በቀደደው ጠባብ መንገድ ይመላለሳል። ቀይ ቀበሮውም ሆነ በገደሉ ላይ የሚያንዣብቡት አዳኝ አዕዋፍ ኑሯቸው በእሱና በዘመዶቹ ላይ የቆመ ነው። ስለዚህ በስሜን አይጥን ከምድሩ ማጥፋት አይቻልም፤ ቢቻልም አይገባም። የሚቻለውም የሚገባውም ቁንጫው ከአይጥ ወደ ሰው የሚሻገርበትን መንገድ መዝጋት ነው።

አይጥና በሽታ ተከታትለው ሲመጡ አገራችን አይታለች። በ1880ዎቹ ዓ.ም. መባቻ የደስታ በሽታ ከብቱን ከፈጀ በኋላ በመጣው ክፉ ቀን፣ ማሳውን ያጠፋው ድርቅ ብቻ አልነበረም። አንበጣ፣ ተምችና አይጥም ነበሩበት። ታሪክ ጸሐፊው ሪቻርድ ፓንክረስት በሰፊው እንዳጠኑት፣ ረኃቡን ተከትለው ፈንጣጣ፣ ኮሌራና ተስቦ የተረፈውን ሕዝብ ጨረሱት። ያን ጊዜ የትኛው ተስቦ በቅማል፣ የትኛው በቁንጫ እንደሚመጣ የሚያውቅ ሐኪም በዓለም ላይ አንድም አልነበረም። ቅማል ተስቦን እንደሚያስተላልፍ ሻርል ኒኮል በቱኒስ ያረጋገጠው በ1909 እ.ኤ.አ. ነው። ከአይጥ ቁንጫ የሚመጣው ተስቦ ራሱን የቻለ በሽታ መሆኑ የታወቀው ደግሞ ከዚያም ሃያ ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በሜክሲኮና በአሜሪካ በተደረገ ምርመራ ነው።

እስኪ ነፍሳቱን ቀረብ ብለን እንየው። በዓለም ላይ 2,500 ያህል የቁንጫ ዓይነቶች ተመዝግበዋል፤ አብዛኞቹ የሚኖሩት በአይጥና በአይጥ ወገኖች ላይ ነው። ቁንጫ ክንፍ የለውም። ገላው ከግራና ከቀኝ የተጨፈለቀ በመሆኑ በጠጉር መካከል እንደ ልቡ ይሾልካል፤ ወደ ኋላ የተኙት ጠንካራ ጠጉሮቹ ደግሞ በቀላሉ እንዳይነቀል ይይዙታል። ሲዘል የሚመካው በጡንቻው ብቻ አይደለም። ደረቱ ውስጥ ሬዚሊን የሚባል የሚለጠጥ ፕሮቲን አለ፤ ጡንቻው ቀስ ብሎ ይጨምቀዋል፣ ከዚያም እንደ ተወጠረ ደጋን ባንዴ ይፈናጠራል። ቁመቱ ከ3 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ፍጥረት ከ15 ሴንቲ ሜትር በላይ ወደ ላይ የሚዘለው በዚህ ኃይል ነው።

ከዝላዩ ይልቅ ለእኛ የሚጠቅመው ግን የአስተዳደጉ ነገር ነው። እንስሳው ላይ የምናየው ያደገው ቁንጫ ብቻ ነው። ሴቷ የምትጥለው እንቁላል አይጣበቅም፤ ከአይጡ ጠጉር እየተንሸራተተ ጎሬው ውስጥ፣ ወለሉ ላይ፣ መደቡ ሥር ይራገፋል። የሚፈለፈለው እጭ እግርና ዓይን የሌለው ነጭ ትል ነው፤ ከብርሃን ሸሽቶ በአቧራና በስንጥቅ ውስጥ ይኖራል። የሚበላው የወደቀ ብናኝና ያደጉት ቁንጫዎች የሚጥሉትን የደረቀ ደም የሞላበት ኩስ ነው። ከዚያ ሐር መሰል ክር አውጥቶ፣ አቧራ ለብሶ፣ በሽፋኑ ውስጥ ይሰወራል። ውስጡ ሆኖ ለሳምንታት፣ ሲመቸውም ለወራት መጠበቅ ይችላል። የሚቀሰቅሰው የእግር ንዝረት፣ የገላ ሙቀትና የሰው ወይም የእንስሳ ትንፋሽ ነው። ለወራት ተዘግቶ የከረመ ቤት በተከፈተ ዕለት ገቢውን ቁንጫ የሚወረው በዚህ ምክንያት ነው።

እጩ አንድ ትልቅ ድክመት አለው፤ ድርቀት አይችልም። አየሩ እርጥበት ሲያጣ ይሞታል። አጎዛና ጀንዲ አውጥቶ ደጋ ፀሐይ ላይ የማስጣት ልማድ እውነተኛ የቁንጫ መከላከያ የሚሆነውም ስለዚህ ነው። ወለሉን በእበት ለቅልቆ ስንጥቁን መድፈንም እንዲሁ፤ እጩ የሚደበቅበትን አቧራና ክፍተት ያሳጣዋል። ጥንጁት ወይም ቀበርቾ ማጨስ ግን፣ ያደገውን ቁንጫ ለጊዜው ቢያባርርም፣ በሽፋን ውስጥ ላለው ምንም አያደርገውም።

ሙጀሌም ቁንጫ ነው። በእግር ጣት ሥር ገብታ የምታብጠው ሴቷ ናት። መነሻዋ ደቡብ አሜሪካ ነው፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ በመርከብ አንጎላ ገብታ አፍሪካን አቋረጠች። አይጥ፣ ውሻና አሳማም ይሸከሟታል።

ለበሽታ ማስተላለፍ በዓለም ላይ ዋነኛ የሚባለው የአይጥ ቁንጫ ዜኖፕሲላ ኬኦፒስ ነው። የተገኘው ከእኛ ሩቅ አይደለም። እንግሊዛዊው ቻርልስ ሮትስቻይልድ የሰበሰበው የዓባይ ውኃ በሚያልፍባት በሱዳኗ ሸንዲ ነው፤ በ1903 እ.ኤ.አ. ስም ሲያወጣለትም በግብጹ ፈርዖን በኬኦፕስ ስም ጠራው። ይህ ቁንጫ ሙቀት ይወዳል። ሆኖም የደጋው ብርድ ብቻውን ይጠብቀናል ማለት አይደለም። እሳት የማይጠፋበት፣ ከብትና ሰው አብረው የሚያድሩበት ቤት ውስጡ ሙቅ ነው። ከአይጥ ቁንጫ ሌላ የሰው ቁንጫ የሚባለውና የድመት ቁንጫም በየቤቱ አሉ። በታንዛንያ የሉሾቶ ተራሮች ከ1980 እስከ 2004 እ.ኤ.አ. ከ7,000 በላይ ሰዎች በወረርሽኝ በሽታ፣ ፈረንጆች ፔስት በሚሉት፣ ታመዋል። ሉሾቶም ደጋ ነው።

ቁንጫ በሽታ እንደሚያሻግር የታወቀው በዚሁ ፔስት ነው። በ1894 እ.ኤ.አ. አሌክሳንደር ዬርሲን በሆንግ ኮንግ ባክቴሪያውን አገኘ፤ መንገዱ ግን አልታወቀም ነበር። አንዳንዱ ምግብ ነው አለ፤ አንዳንዱ አየር፣ አንዳንዱ ቆሻሻ። ፈረንሳዊው ሐኪም ፖል ሉዊ ሲሞን አይጥ በሚረግፍባቸው ቤቶች የታመሙትን ሲመረምር አንዳንዶቹ እግር ላይ ትንሽ ውኃ የቋጠረ ቁስል አስተዋለ። የቁንጫ ንክሻ ይሆን ብሎ ጠረጠረ። በሰኔ 1898 እ.ኤ.አ. በካራቺ የታመመ አይጥ አሸዋ በተነጠፈበት ትልቅ የመስታወት ዕቃ ውስጥ አስገባ፤ ቁንጫም ጨመረበት። አይጡ ሊሞት ሲያጣጥር ጤነኛ አይጥ በሽቦ ወንፊት ውስጥ አድርጎ ከላይ አንጠለጠለ። ሁለቱ አይጦች ሊነካኩ አይችሉም፤ ቁንጫ ግን በወንፊቱ ያልፋል። የታመመው ሞተ። ከቀናት በኋላ ጤነኛውም በዚያው በሽታ ሞተ።

ሰው ግን አላመነውም። ያመኑት ከ1905 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የእንግሊዝ ኮሚሽን በቦምቤይ ሙከራውን አስፍቶ ከደገመው በኋላ ነው። ኮሚሽኑ ወረርሽኝ በገባባቸው ቤቶች ጊኒ ፒግ የሚባሉትን ትንንሽ እንስሳት በሣጥን አንጠለጠለ፤ አንዱን ከወለሉ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ሌላውን 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጎ። ዝቅ ያለው ታመመ፤ ከፍ ያለው ዳነ። ቁንጫ ያን ያህል አይዘልምና። ይህን ሙከራ ሳነብ ሁልጊዜ የሚታወሰኝ በየቤታችን መሬት ላይ በተነጠፈ ቁርበት የሚተኙ ሕፃናት ናቸው። ከወለሉ ግማሽ ሜትር ከፍ ያለ፣ ከግድግዳው ራቅ ያለ የእንጨት አልጋ ገበያ ወጥቶ የሚገዛ መድኃኒት አይደለም፤ ነገር ግን ብዙ መድኃኒት የማይሠራውን ይሠራል።

ቁንጫ ፔስትን የሚያስተላልፍበት መንገድ አስፈሪ ነው። በ1914 እ.ኤ.አ. ባኮትና ማርቲን እንዳሳዩት፣ ባክቴሪያው በቁንጫው ጨጓራ መግቢያ ላይ ተጋግሮ ይዘጋዋል። ቁንጫው ደም ይመጥጣል፣ ግን አያልፍለትም። ይራባል፤ ስለራበውም ደጋግሞ ይነክሳል፤ የመጠጠው ደም ባክቴሪያውን ይዞ ወደ ቁስሉ ይመለሳል። ዛሬ ይህ በሽታ በብዛት የሚታየው በማዳጋስካር፣ በኮንጎ ዲሞክራሲያዊ ሪፐብሊክና በፔሩ ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. በማዳጋስካር ብቻ ከ2,400 በላይ ሰዎች እንደታመሙ ተመዝግቧል፤ ከ200 በላይ ሞተዋል።

የቁንጫው ተስቦ አካሄዱ ሌላ ነው። ሪኬትሲያ ታይፊ የሚባለው ተዋህሲያን ቁንጫውን አይገድለውም፤ ዕድሜውን ሙሉ አብሮት ይኖራል፤ ከኩሱ ጋርም ይወጣል። ሰው ሲነከስ ያክካል፤ ሲያክክ ኩሱን በተጫረው ቆዳ ውስጥ ይቀብረዋል። ከ1 እስከ 2 ሳምንት ቆይቶ ትኩሳት፣ ብርቱ ራስ ምታትና የሰውነት ቁርጥማት ይጀምራል። ሽፍታም ሊወጣ ይችላል፤ በጠይም ቆዳ ላይ ግን ለማየት ያስቸግራል። በቅማል ከሚመጣው ተስቦ ይልቅ ቀለል ያለ ነው፤ ቢሆንም አረጋዊን ወይም ሌላ ሕመም ያለበትን ሰው ሊገድል ይችላል።

አሁን ወደ ጤና ጣቢያው እንሂድ። በአገራችን ትኩሳት ይዞት የሄደ ሰው ደሙን ሰጥቶ «ታይፈስ አለብህ» ተብሎ መመለሱ የተለመደ ነው። ያ ምርመራ በአብዛኛው ቫይል ፌሊክስ የሚባለው፣ በ1916 እ.ኤ.አ. የተገኘ ዘዴ ነው። የሚሠራው በራሱ በተስቦው ተዋህሲያን አይደለም፤ ፕሮቲየስ የሚባል ሌላ ባክቴሪያ በታማሚው ደም ሲረጋ ታይቶ ነው የሚፈረደው። በሌላ በሽታ የታመመ ሰው፣ አንዳንዴም ጤነኛ ሰው ሊያረጋው ይችላል። በትክክል ሲሠራ እንኳ የቅማሉን ተስቦ ከቁንጫው ተስቦ አይለይም።

ለታማሚው ይህ ብዙ ላይጎዳው ይችላል፤ ለሁለቱም ሐኪም የሚያዘው ዶክሲሳይክሊን ነውና። ለቤተሰቡና ለቀበሌው ግን ልዩነቱ ሰማይና ምድር ነው። በሽታው ከቅማል ከሆነ መፍትሔው ልብስ መቀቀል፣ ገላ መታጠብና መጨናነቅን ማቃለል ነው። ከቁንጫ ከሆነ ልብሱን ብንቀቅል ምንጩ ጎታው ሥር፣ አይጡ ጎሬ ውስጥ ተቀምጧል። ታማሚውን «ቤትህ አይጥ አለ ወይ? ሰሞኑን የሞተ አይጥ አይታችኋል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ምንም ወጪ የለውም። ይህ ጥያቄ በየካርዱ ላይ መጻፍ አለበት ብዬ አምናለሁ።

ቁንጫና አይጥ በአገራችን ተዋህስያን መሸከማቸው በግምት የተወራ አይደለም። በማዕከላዊ ኦሮሚያ ከውሾችና ከድመቶች በተለቀሙ ቁንጫዎች ውስጥ ሌላኛዋ የቁንጫ ወለድ ትኩሳት ምክንያት ሪኬትሲያ ፌሊስ ተገኝታለች፤ ጥናቱ በ2014 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የታተመ ሌላ ጥናት በኢትዮጵያ ከተያዙ አይጦችና መሰል ትንንሽ አጥቢዎች ሲሶ ገደማ በሚሆኑት ላይ ባርቶኔላ የምትባል ባክቴሪያ አግኝቷል፤ እሷንም በዋናነት የሚያሻግራት ቁንጫ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። አይጥ ያስመረረው ቤተሰብ ምን ያደርጋል? ከገበያ የአይጥ መርዝ ይገዛል፤ ብዙ ጊዜ ጥቁሩን ዱቄት፣ ዚንክ ፎስፋይድን። ከምግብ ጋር ለውሶ ማታ ያስቀምጣል። ጠዋት አይጡ ሞቶ ይገኛል፤ ቤቱም ደስ ይለዋል። ቁንጫው ግን አልሞተም። የአይጡ ገላ ሲቀዘቅዝ ቁንጫው ጠጉሩን ትቶ ይወርዳል፤ ሙቀትና ትንፋሽ ይፈልጋል። በዚያ ሌሊት የሚያገኘው ቅርብ ሙቀት መደቡ ላይ ወይም ወለሉ ላይ የተኛው ሰው ነው። አይጡ ተዋህሲያን ተሸክሞ ከነበረ፣ ቤተሰቡ በገዛ እጁ የቁንጫውን ሠራዊት ከአይጥ ወደ ልጆቹ አዛወረ ማለት ነው። መርዙ በዚያ ላይ ሕፃን ሊገድል ይችላል። መርዝ የበላውን አይጥ የሚለቅመው ወፍ፣ ቀበሮና ድመትም አብሮ ይጎዳል፤ አይጥ የሚቀንሱልን ደግሞ እነሱ ናቸው።

ስለዚህ በዓለም ላይ ፔስት የሚቆጣጠሩ ባለሙያዎች ሁሉ የሚከተሉት ሕግ አንድ ነው፤ ቁንጫው አስቀድሞ፣ አይጡ በኋላ። የሚደረገው እንዲህ ነው። ዴልታሜትሪን ወይም ፐርሜትሪን ያለበት ዱቄት በጎሬው አፍና አይጡ በሚመላለስበት የግድግዳ ጥግ፣ ከምግብና ከሕፃናት እጅ ርቆ ይነሰነሳል። አይጡ እየረገጠው ያልፋል፤ በጠጉሩ ይዞት ጎሬው ይገባል፤ ራሱን ሲልስና ሲያክክ በገላው ላይ ያዳርሰዋል። ቁንጫው በመኖሪያው ይሞታል። ከጥቂት ቀናት በኋላ አይጡን በወጥመድ መያዝ ይቻላል። የሞተ አይጥ በባዶ እጅ አይነሣም፤ በአካፋ ተነሥቶ ይቀበራል ወይም ይቃጠላል። መርዝ ሳይቀመጥ ብዙ አይጥ ባንድ ሰሞን ከረገፈ ደግሞ ነገሩ ከቤተሰብ በላይ ነው፤ ሳይነኩ፣ ሳይዘገዩ ለጤና ኬላ መንገር ያስፈልጋል። ፔስት ሰውን ከመያዙ በፊት የሚያሳየው ምልክት ይህ ነውና።

ዱቄቱን ማን ይነስንስ የሚለው ጥያቄ ቀላል አይደለም። ለእርሻ የተሠራ ማላታይን በመኝታ ላይ መርጨት በየገጠሩ ይታያል፤ ይህ ሰውን መመረዝ ነው፤ መቆም አለበት። ያለ ልክ የሚረጭ ኬሚካል ቁንጫውንም ያስለምደዋል። በማዳጋስካር የአይጥ ቁንጫ መጀመሪያ ዲዲቲን፣ ኋላም ዴልታሜትሪንን መቋቋም ችሏል። እኛም ወባን ስንከላከል ዲዲቲ በትንኝ ላይ ኃይሉን ሲያጣ አይተናል። ሥራው ሠልጥኖ፣ ለክቶ፣ መዝግቦ በሚሠራ ባለሙያ ይሁን የምለው ለዚህ ነው።

ባለሙያውም አለ፤ መዋቅሩም አለ። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር ከ16ቱ ፓኬጆች አንዱ የነፍሳትና የአይጥ ቁጥጥር ነበር። በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. የተቋቋመው ደንቢያን የወባ ወረርሽኝ በፈጀ ማግሥት ነው፤ ገና ከመነሻው የጤና መኮንንና የአካባቢ ጤና ባለሙያ ወደ ገጠር የላከ ትምህርት ቤት ነው። ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮም ይኸው ተቋም፣ የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ፣ በዳባት የሕዝቡን ልደት፣ ሞትና ፍልሰት የሚከታተል የምርምር ጣቢያ አለው። በዚያ ላይ የሚጨመረው ሥራ ትንሽ ነው። በየወቅቱ በተመረጡ ቀበሌዎች አይጥ በወጥመድ ይያዛል፤ ቁንጫው በማበጠሪያ ተለቅሞ ይቆጠራል፤ ለአንድ አይጥ በአማካይ ስንት የአይጥ ቁንጫ እንደሚደርስ ይሰላል። አማካዩ ከ1 ሲያልፍ አደጋው ከፍ ማለቱን ባለሙያዎች ይስማሙበታል። ያ ቁጥር ወረርሽኝ ከመምጣቱ በፊት ያስጠነቅቃል።

አካባቢው ይህን ቁጥር ይሻል። ከ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሰሜኑ ጦርነት ያፈናቀላቸው ሰዎች በደባርቅና በዳባት ተጠልለው ነበር። ከዳባት አጠገብ በዓለምዋጭ የኤርትራ ስደተኞች መጠለያ ቆሟል። ሰው ተጠጋግቶ የሚያድርበት፣ የእርዳታ እህል የሚከማችበት ቦታ ለቅማልም፣ ለአይጥም፣ ለቁንጫም ይመቻል።

ሕዳር 12 ቀን በየመንደሩ ቆሻሻው ተጠርጎ ይቃጠላል። ልማዱን ሰው ከ1911 ዓ.ም. የሕዳር በሽታ ጋር ያያይዘዋል። አይጡ ወደ ቤት በሚገባበት በዚያው ወር ላይ መዋሉ ጥሩ አጋጣሚ ነው። የስሜን ቤተሰቦች ሆይ፤ በዚያ ሳምንት ደጁን ብቻ አትጥረጉ። መደቡን አንሡ፣ ጎታውን ከግድግዳ አርቁ፣ ከሥሩ ያለውን አቧራ ጠርጋችሁ እሳት ውስጥ ጨምሩ፣ ስንጥቁን ድፈኑ፣ አጎዛና ጀንዲውን ፀሐይ ላይ አውሉ፣ እህሉን ከመሬት ከፍ አድርጉ። የአይጥ መርዝ ከመግዛታችሁ በፊትም ወደ ቀበሌያችሁ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ሄዳችሁ መጀመሪያ ስለ ቁንጫው ጠይቁ።